መሬቱ የእኛ፣ በሬው የእነሱ

(ደሴ ላይ ለወጣት መምህራንና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ካልተናገርኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጆች ናቸው።)

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ዝናብ መምጣታችሁ ትልቅ ነገር ነው። ጦሳ ጉም ሲለብስ የደሴ ሰው ቡናውን አስፈልቶ ቤቱ መቀመጥ ነው የሚያምረው።

የዛሬው ርዕሴ የምርምር ሽርክና ነው። አገራችን ከሌሎች አገሮች ጋር ሳይንስ የምትሠራው እንዴት ነው? ከማን ጋር ነው? ጥያቄውን የሚያነሳው ማን ነው? ደብተሩስ በመጨረሻ ማን እጅ ይቀራል? ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ የማሽላ ታሪክ ልንገራችሁ።

ልጅ እያለሁ ሐርቡ አካባቢ አያቴ ዘንድ ነበርኩ። ማሽላው እሸት ሲሆን አያቴ ከማሳው ጥግ ሁለት ሦስት ራስ ቆርጣ ትመጣለች። ይህን ማሽላ ከሌላው ለይታ ነው የምትዘራው። ብዙ አይደለም፤ አንድ ጥግ ብቻ። ምርቱ አነስተኛ ነው፣ ሲደርቅም ፍሬው ይጨማደዳል። ለእሸት ግን የሚያህለው የለም። ፍም ላይ ታገላብጠዋለች። ከዚያ በሁለት እጇ አሽታ፣ እፍ ብላ ገለባውን ታበርና መዳፌ ላይ ታፈሰዋለች። ትኩሱን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው እያገላበጥኩ እበላለሁ። ሲታኘክ ጣፋጭ ወተት የመሰለ ነገር አፍ ይሞላል። ስሙን ያወጡት ገበሬዎች አላጋነኑም፤ “ወተት በጉንጬ” ነው የሚሉት። ሌላም አለ፤ “ማርጩቄ” ይባላል።

ዓመታት አለፉ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንድ የቆየ ጽሑፍ እጄ ገባ። በ1973 የታተመ ነው። ጸሐፊዎቹ ሲንግና አክስቴል የሚባሉ፣ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ከ9000 በላይ የማሽላ ናሙና ፈትሸዋል። ማሽላ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል። ልጅ በማሽላ ብቻ በደንብ የማያድገው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዚያ ሁሉ ናሙና ውስጥ ላይሲናቸው ለየት ብሎ ከፍ ያለ ሁለት ዘሮች ተገኙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው፤ የወሎ ገበሬ የሚዘራቸው። መዝገብ ላይ አይ ኤስ 11167 እና አይ ኤስ 11758 ተብለዋል። እንደ ወተት በጉንጬና እንደ ማርጩቄ ያሉት ናቸው።

ያን ቀን ላይብረሪው ውስጥ ለብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። አያቴ ጥግ ላይ የምትዘራው ዓይነት ማሽላ ከዓለም ተመርጦ ወጣ! ቀጥሎ ግን ዓመቱን ልብ አልኩት። 1973። በእኛ 65 እና 66። ወሎ በረሃብ ያለቀበት ዘመን። ገበሬው ከብቱን ጨርሶ፣ ልጆቹን ይዞ፣ አውራ ጎዳናው ላይ መኪና እያስቆመ ምግብ የለመነበት ዘመን። በዚያው ዓመት የወሎ ማሽላ ለድሃ ልጅ የሚበጅ ፕሮቲን እንዳለው ባሕር ማዶ ተጻፈ።

ተመራማሪዎቹ ጥፋት የለባቸውም። ሥራቸው ትልቅ ሥራ ነው። እኔን የቆጠቆጠኝ ሌላ ነው። ያንን ዘር ከትውልድ ትውልድ መርጠው ያቆዩ ሰዎች አሉ። “ወተት” እና “ማር” ብለው ስም አውጥተውለታል። ላቦራቶሪ ያረጋገጠውን እነሱ በምላሳቸው ቀድመው ለይተውታል። ማን እንደሆኑ ግን የሚነግረን የለም። የማሽላውም ስም ቀርቶ ቁጥር ሆነ።

እዚህ አገር የእኩል ማረስ አለ። አንዱ መሬት አለው፣ በሬ የለውም። ሌላው በሬ አለው። ይስማሙና ምርቱን ይካፈላሉ። ወንፈል ደግሞ ሌላ ነው። ዛሬ እኔ አንተ ማሳ ላይ እውላለሁ፤ ነገ አንተ እኔ ጋ ትመጣለህ። የቀን ሥራም አለ። ትውላለህ፣ ሒሳብህን ትቀበላለህ፣ ትሄዳለህ። እህሉ አይመለከትህም። የምርምር ሽርክና የምንለው ነገር ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ ሦስቱም አሉ። ውሉ ላይ የእኩል ተብሎ ተጽፎ ሥራው የቀን ሥራ የሆነም ሞልቷል። መሬቱ፣ ሕመሙ፣ ዘሩ፣ አጥንቱ የእኛ ነው። በሬው፣ ማለትም ገንዘቡና መሣሪያው፣ የእነሱ ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው አካፋፈሉ ላይ ነው።

ይህን ጉዳይ በቁጥር የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። መነሻቸው ቀላል ነገር ነው፤ በታተመ ጽሑፍ ላይ የማን ስም አለ? የት ቦታ ላይ? በብዙ የሳይንስ ዘርፍ መጀመሪያ ያለው ስም ዋናውን ሥራ የሠራው ነው። መጨረሻ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮጀክቱን የመራውና ገንዘቡን ያመጣው ነው። መሃል ያሉት ያገዙት ናቸው። የአንድን አገር ጽሑፎች ሰብስባችሁ “የእኛ ሰዎች የት ነው ያሉት?” ብላችሁ ብትቆጥሩ የሽርክናው መልክ ይገለጥላችኋል።

ዩኔስኮ በ2015 ባወጣው የሳይንስ ሪፖርት ከ2008 እስከ 2014 ያለውን ዘመን አይቷል። ኢትዮጵያውያን በብዛት አብረው የጻፉት ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝ፣ ከጀርመን፣ ከሕንድና ከቤልጂየም ሰዎች ጋር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አያስገርሙም፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። ሕንድና ቤልጂየም ግን ቆም ብለን ብናያቸው ደስ ይለኛል።

ሕንድ ለምን? በዚህ አዳራሽ ዶክትሬቱን ሕንድ የሠራ እጁን ያውጣ ብል ጥቂት እጅ አይወጣም። የሕንድ መምህራንም ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ ለዓመታት አስተምረዋል። ከእነሱ በፊት ደግሞ ስንቱ ሐበሻ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሒሳብና ፊዚክስ የተማረው ከሕንድ አስተማሪ ነው! ሽርክናው የመጣው ከሰው ነው። ተማሪው አገሩ ሲመለስ ከአማካሪው ጋር መጻፉን ይቀጥላል። ቤልጂየም ትንሽ አገር ናት። ግን ዩኒቨርሲቲዎቿ ከጅማ፣ ከመቀሌና ከአርባ ምንጭ ጋር ለረዥም ዓመት የሚቆይ ትብብር ገቡ። አንድ ጥናት ሠርቶ ከመሄድ ይልቅ ብዙ ዶክተር አብረው አሠለጠኑ። ፍሬው ቁጥሩ ላይ ታየ።

ከአምስቱ ውስጥ አንድም ጎረቤት የለም። ኬንያ የለችም፣ ሱዳንም የለችም። የማሽላ ጠላት የሆነው አረም አቀንጭራውም፣ ድርቁም፣ አንበጣውም የጋራችን ነው። ተራራ ላይ የምንሠራው ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን እንኳ ከኬንያ ነው የመጣው፤ ቃሉ ስዋሂሊ ነው። እርከኑን ከጎረቤት ወስደን ምርምሩን ባሕር ማዶ ፍለጋ እንሄዳለን።

ሽርክናችን ሁልጊዜ ፖለቲካው በጠረገው መንገድ ነው የሄደው። በንጉሡ ዘመን ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ከአሜሪካው ኦክላሆማ ጋር ተሳስሮ ቆመ። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1963 በሶቪየት እርዳታ ተከፈተ። በደርግ ጊዜ ተማሪው ወደ ሞስኮ፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ኩባ ጎረፈ። ስዊድንና ኖርዌይ መንግሥት ቢለዋወጥም ከእኛ ጋር መሥራታቸውን አላቋረጡም። የኢትዮጵያ እጽዋት መዝገብ ሥራ በ1980 ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጀምሮ በ2009 ነው የተፈጸመው፤ የመንግሥት ለውጥም አላቋረጠውም። በዚያ መዝገብ ውስጥ ወሎ የራሷ ምልክት አላት። አንድ አበባ የት እንደሚበቅል ሲገለጽ ያን ምልክት ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

አሁን ከዚሁ ከአጠገባችን ወዳለ ቦታ ልውሰዳችሁ። ማይባር።

ማይባርን ብዙዎቻችሁ በሐይቁ ነው የምታውቁት። ከደሴ ብዙ አይርቅም። እዚያ ተዳፋት ላይ በ1981 አንድ የምርምር ጣቢያ ተከፈተ። የእኛው ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ናቸው አብረው የሠሩት። ገንዘቡ የስዊስ መንግሥት ነው። የመሩት ሃንስ ሁርኒ ከዚያ በፊት በሰሜን ተራሮች ፓርክ የሠሩ፣ አገሩን በእግራቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ማይባር የመጀመሪያው ጣቢያ ነበር። ከዚያ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በሲዳሞ ጉኑኖ፣ በኢሉባቦር ዲዚ ተከተሉ። በኤርትራም አፍዴዩ።

ጥያቄው አንድ ነበር። ስንት አፈር ነው የሚታጠበው? ያን ጊዜ “አፈራችን አለቀ” የማይል አልነበረም። በሚዛን የመዘነው ግን የለም።

እንዴት እንደሚለካ ላሳያችሁ። ወንዟ ትንሽ ናት፤ ቆሪ ይሏታል። መውጫዋ ላይ መለኪያ ተሠርቷል። ዝናብ ሲጥል ውኃው ቀስ እያለ ይደፈርሳል። መጀመሪያ ሻይ ይመስላል፣ ቀጥሎ ወተት የገባበት ሻይ፣ ከዚያ ጭቃ። ውኃ ለኪው የሚወርደው ያኔ ነው። በአጭር በአጭር ጊዜ ልዩነት በጠርሙስ ውኃ ይቀዳል። ሰዓቱን ይጽፋል፣ የውኃውን ከፍታ ይጽፋል። ጎርፉ እስኪጠራ ድረስ እዚያው ነው። በኋላ ውኃው ይጣራል፣ የቀረው አፈር ይደርቃል፣ ይመዘናል። አንድ ጠርሙስ፣ ሌላ ጠርሙስ፣ ሌላ ጠርሙስ። ይህ ለዓመታት ተሠርቷል። በእኛ አቆጣጠር በ77ቱ ድርቅም የዝናብ መለኪያው ሥራ አልፈታም። አፈር በሄክታር ይህን ያህል ታጠበ ብላችሁ ወረቀት ላይ ስታነቡ ያቺን ጠርሙስ አስቧት።

ከዓመታት በፊት ተማሪዎች ይዤ ስሄድ በዚህ ሥራ የቆየ አንድ ሰው አግኝቻለሁ። ሌሊት ጣራው ላይ ዝናብ ሲጀምር እንቅልፍ ጥሎት እንደሚጠፋ ነገረኝ። ጡረታ ከወጣም በኋላ ማለት ነው። ዝናብ ሲሰማ እግሩ መሬት ይፈልጋል።

ከእንዲህ ዓይነት ልኬት ነው ሁርኒ ለአገሪቱ ግምት ያወጡት። ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር ይሄዳል። ይህ ቁጥር በየትምህርት ቤቱ፣ በየሚኒስቴሩ ሪፖርት፣ በየእናንተ የመመረቂያ ጽሑፍ መግቢያ ላይ አለ። የአገር ፖሊሲ ተደግፎበታል። በዚያ ሥራ ላይ ኢትዮጵያውያንም ስዊሶችም ተምረው ወጥተዋል። ጣቢያው በኋላ ለክልሉ የግብርና ምርምር ተላልፏል።

እኔ ማይባርን እንደ ጥሩ ሽርክና አየዋለሁ። የእኔ ሚዛን ይኸው ነው፤ ሁላችሁም ላትስማሙ ትችላላችሁ። ጥያቄው የእኛ ጥያቄ ነበር። ቆይታው የአንድ ክረምት አልነበረም። መለኪያው እዚሁ ቀረ። አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበኛል። የውኃ ለኪዎቹ ስም የት አለ? ያለ እነሱ አንድ መስመር አይጻፍም ነበር።

ይህን የምለው እኔም ያንን ወንበር ስለማውቀው ነው። ተመርቄ ሥራ ስፈልግ አንድ ከውጭ የመጣ ፕሮጀክት መረጃ ሰብሳቢ አድርጎ ቀጠረኝ። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ዛሬ እነሱን መውቀስ አይደለም ጉዳዬ። ሥራው ስለ ምግብ እጥረት ነው። መጠይቁ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ ነበር። እኛ እዚያው ማሳ ዳር ቆመን ወደ አማርኛ እየመለስን እንጠይቃለን። አንዱ ጥያቄ “ባለፉት አራት ሳምንታት ቤት ውስጥ የሚበላ ያልቅብናል ብለው ሰግተዋል?” የሚል ነው። አንዲት እናት ጋ ገባን። ቡና አፈላችልን። ቁርስ የለውም። ጎታው ክፍት ነው፤ ውስጡ ይታየኛል፣ ባዶ ነው። ጥያቄውን አቀረብኩ።

“አልሐምዱሊላህ” አለችኝ።

አሁን ይህን ምን ብዬ ልጻፍ? ቅጹ ላይ ያለው “አዎ” እና “የለም” ነው። የወሎ እናት እንግዳ ፊት “ተርቤያለሁ” አትልም። ጌታዋን ታመሰግናለች። የሰለጠንኩት የሰማሁትን እንድጽፍ ነው። “የለም” ብዬ ሞላሁ። በዚያ ሰፈር ስንቱን “አልሐምዱሊላህ” እና “ተመስገን” እንደዚያ አድርጌ እንደሞላሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ለኃላፊዬ ስነግረው መጠይቁ ጸድቆ አልቋል፣ መንካት አይቻልም አለኝ።

ጽሑፉ ከሁለት ዓመት በኋላ ወጣ። አራት ስም አለው፣ አራቱም የውጭ ሰዎች። እኛ መጨረሻ ላይ በጅምላ ተመስግነናል። ላነበው ፈልጌ ገንዘብ ጠየቀኝ፤ የወር ደመወዜን ሩብ። ስሜ መቅረቱ ያን ጊዜ አናድዶኝ ነበር። ዛሬ ግን የሚቆጨኝ ያቺ እናት ናት። ያ ጥናት ስለ እሷ የተሳሳተ ነገር ነው የሚናገረው። መጠይቁ ሲነደፍ ወሎን የሚያውቅ አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ቢኖር ይህ አይሆንም ነበር። የእኛ ሰው ከመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ይኑር የምንለው ለክብር ብቻ አይደለም። ሳይንሱ ራሱ ይበላሻል።

የውጭ ሰው ስለ እኛ ትክክል አይጽፍም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን የ66ቱን የወሎ ረሃብ አጥንተው በ1981 አንድ ከባድ ነገር ተናግረዋል። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። ከወሎም የወጣ እህል ነበር። ሰው የተራበው እህል ከአገር ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ መግዣ ስላጣ ነው። ከእህል ይልቅ የሰውን አቅም ማየት እንዳለብን ዓለም ከወሎም ነው የተማረው። የገዛ ወገኖቻችን ሞት ነው መጽሐፉ። ይህን ሳነብ ያመኛል፤ እውነቱ ግን እውነት ነው።

በዚህ መሃል መልኩ የተለወጠ አንድ ዘርፍ አለ። ልቤን የሚያሞቀው እሱ ነው።

ከኮምቦልቻ ባቲን አልፋችሁ ወደ ሚሌ ውረዱ። ሐዳር በዚያ በኩል ነው። ዛሬ አፋር ክልል ነው፤ ያን ጊዜ ግን ወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበር። ፈረንሳዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ሞሪስ ታይብ ቦታውን ለዓለም አስተዋወቁ። ፈረንሳይና አሜሪካውያን አብረው ወረዱ። በኅዳር 1974 ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ድንቅነሽን አገኙ፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ዓለማየሁ አስፋው የተባሉ ከእኛ መንግሥት የተመደቡ ባለሙያ የመንጋጋ ቅሪቶችን አግኝተዋል። ዓይናቸው የተለየ ነበር። በ1978 ግን ለዝርያው ሳይንሳዊ ስም ሲወጣለት ጽሑፉ ላይ ሦስት ሰዎች ፈርመዋል፤ ጆሃንሰን፣ ዋይትና ኮፐንስ። ኢትዮጵያዊ የለም። ድንቅነሽ ራሷ ክሊቭላንድ ቆይታ በ1980 ነው የተመለሰችው።

አሁን ወደ 1999 ኑ። አውስትራሎፒተከስ ጋርሂ የሚባለው አዲስ ዝርያ ታወቀ። የመጀመሪያው ስም ብርሃነ አስፋው ነው። በ2001 ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ስላስቆጠሩ ቅሪቶች ብቻቸውን ጻፉ። በ2006 ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ሰላምን ይዘው መጡ፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ሕፃን። ቡድኑን የመሩት እሳቸው ናቸው። በ2013 ሌዲ ገራሩ ላይ የ2.8 ሚሊዮን ዓመቱን መንጋጋ ያነሳው ቻላቸው ሥዩም ያን ጊዜ ተማሪ ነበር።

በ20 ዓመት ውስጥ ምን ተፈጠረ? በ1980ዎቹ መንግሥት የውጭ ቡድኖችን ቁፋሮ አግዶ ነበር። ብዙ ሰው ያዘነበት ነገር ነው። በዚያ ጊዜ ግን ወጣቶች በርክሌይን በመሳሰሉ ቦታዎች ተማሩ። አዲስ አበባ ሙዚየም ላይ ቅሪቱ የሚጠበቅበትና የሚጠናበት ቦታ ተደራጀ። ቅሪቱ አገር ውስጥ ይኑር፣ ማየት የፈለገ ይምጣ ተባለ። ሦስቱ ሲገናኙ የጽሑፉ የመጀመሪያ መስመር ተለወጠ። ሽርክናው አልፈረሰም፤ እንዲያውም በዛ። ዛሬ እዚያ በረሃ ላይ የስንት አገር ሰው ነው ያለው!

ዘርም ላይ እንዲሁ የሆነ አለ። የጂን ባንካችን በ1976 በጀርመን እርዳታ ተቋቋመ። መላኩ ወረደ ሲመሩት ዘርን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ አልበቃቸውም። በ77ቱ ጊዜ ገበሬው የዘሩን እህል ሳይቀር በልቷል። ከዚያ በኋላ በካናዳ ድርጅት ድጋፍ የአገር ዘር በሸዋና በወሎ ገበሬ ማሳ ላይ እንዲመለስና እዚያው እንዲጠበቅ አደረጉ። ገንዘቡ የካናዳ ነው። ሐሳቡ የእሳቸው ነው። የእኩል ብዬ የማስበው ይህን ነው።

ስለ አቀንጭራም ልጨምር፤ ቆቦና ጊራና የሚያውቅ ያውቀዋል። ዘሩ አፈር ውስጥ ዓመታት ይጠብቃል። የማሽላ ሥር ከሚያመነጨው ኬሚካል ሽታውን ሲያገኝ ይነቃል፣ ይጣበቃል፣ ይመጠዋል። ገቢሳ ኤጄታ፣ ከዚያው ከፐርዱ፣ ያን ኬሚካል እምብዛም የማያመነጭ ማሽላ አወጡ። ሥራቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ወደ እኛም ሁለቱ ዝርያዎች መጥተው ጎብዬና አብሽር ተባሉ። ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ የምታልፏት ከተማ ስም ናት። አስቡት እንግዲህ። በ1973 የወሎ ማሽላ ቁጥር ሆኖ ያረፈበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያው ቦታ ደግሞ የኢትዮጵያዊ እጅ ያለበት ማሽላ የወሎ ከተማ ስም ይዞ ተመለሰ።

መቄት ገረገራ ላይ ደግሞ የጣልያንና የእኛ ተመራማሪዎች 400 የስንዴ ዓይነት ዘርተው ገበሬዎቹን ራሳቸውን ዳኛ አደረጓቸው፤ ወንዶችም ሴቶችም። የገበሬው ነጥብ ከዘረመል መረጃው ጋር ተዛምዶ በ2017 ታተመ። አያቴ በሕይወት ብትኖር ይህን ብነግራት ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ እናንተ ነገ ኢሜይል ይመጣላችኋል። “አብረን እንሥራ” የሚል። ብዙዎቻችሁ ወዲያው እሺ ትላላችሁ። አልፈርድም፤ እኔም ብያለሁ። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ጥያቄው ተነድፎ አልቋል ወይስ ገና ነው? ናሙናው ወጥቶ ይሄዳል? ከሄደ በምን ውል? የጀነቲክ ሀብት ከሆነ ሕግ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998፣ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው። የጤፍ ነገር ይታወሳችሁ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ይዞ ነበር፤ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ነው ዋጋ የለውም ያለው። ስማችሁ የት እንደሚቀመጥም በመጀመሪያው ቀን ይነገር። ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም ካላችሁ በኋላ አይነሳም። የፈረንጅ ባልደረባ ይህን ብትጠይቁት አይቀየማችሁም። ጥሩው እንዲያውም ያከብራችኋል።

የመረጃ ቅጂ ደግሞ በሁለት ቦታ ይኑር፤ እዚህም እዚያም። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ላይ የሆነውን የማያውቅ እዚህ የለም። የአንድ ጓደኛዬ የስድስት ዓመት ሥራ ከኮምፒውተሩ ጋር ሄደ። የሌላው ግን ውጭ ያለ አጋሩ ዘንድ ቅጂ ስለነበረው ተረፈ። መረጃችን ውጭ መኖሩ አንዳንዴ ያበሳጨናል፣ አንዳንዴ ያድነናል። እዚህ ብቻ መኖሩም፣ እዚያ ብቻ መኖሩም ነው ችግሩ።

ቅርብ ያለውንም አትርሱ። ደሴና ሰመራ፣ ደሴና ወልድያ፣ ደሴና መቀሌ። የሐይቅ ሐይቅን ውኃ የሚያጠና ሰው ዝዋይን ከሚያጠናው ጋር ስልክ ይደዋወል። ወንፈል የሚጀመረው ማሳው ከሚዋሰን ሰው ጋር ነው።

በመጨረሻ ባለፈው ኅዳር ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት የማስተርስ ተማሪዬን ይዤ ቃሉ ወረዳ ሄድን። የቆዩ የማሽላ ዓይነቶችን እየመዘገበች ነው። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ቤት ገባን። ሁለት ብርጭቆ ቡና ከጠጣን በኋላ ወደ ጓዳ ገብተው ጭስ የጠጣ የማሽላ ራስ ከጣራው ሥር አውርደው መጡ። ለዘር ያስቀመጡት ነው። ጥቂት ፍሬ ፈለፈሉና መዳፏ ላይ አደረጉላት። ፍሬው የተጨማደደ ነው። እኔ ገና ሳየው አውቄዋለሁ፤ ግን ዝም አልኩ።

ልጅቱ የወረቀት ከረጢቷን አወጣች። ስሙን ጠየቀቻቸው። ነገሯት። በግዕዝ ፊደል “ወተት በጉንጬ” ብላ ጻፈች። ከሥሩ የሴትዮዋን ስም ከነአባታቸው፣ ቀጥሎ የጎጣቸውን ስም። ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ የአባታቸውን ስም አንድ ፊደል አረሟት። አስተካከለች። ቁጥሩን ከሁሉም በኋላ ጥግ ላይ ጻፈችው።